ከመድረክ የሸሸው ተዋናይ ከ17 ዓመት በኋላ እንዴት ተመለሰ? የአንድ ጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በ1976 ለንደን ውስጥ፣ በሙያው ስም ያተረፈ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ በትዕይንት መካከል ቃል ጠፋበትና መድረኩን ጥሎ ወጣ። ዕድሜው 44 ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ በሙሉ አቅሙ ወደ ቴአትር እስኪመለስ 17 ዓመት አለፈ። በተመለሰ በአራተኛው ዓመት ደግሞ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር ተጫውቶ በእንግሊዝ ቴአትር ትልቁ የሚባለውን የኦሊቪዬ ሽልማት ወሰደ።

ስለ መድረክ ፍርሃት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጀማሪው ነው። «ልምድ ሲያገኝ ይለቀዋል» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ይዘጋል። ይህ ጉዳይ ግን የልምድ ማነስ ጉዳይ አይደለም። ከ20 ዓመት በላይ መድረክ ላይ የኖረ፣ ሼክስፒርን ከዳር እስከ ዳር የተጫወተ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ የተሸለመ ሰው ላይ የደረሰ ነው። እንዲህ ያለው ባለሙያ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን፣ በይበልጥም በየትኛው መንገድ እንደሚመለስ፣ በቴአትር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ይመስለኛል።

በጉዳይ ጥናት ልማድ መሠረት የጉዳዩን ሰዎች በስም አልጠራም። ተዋናዩ ታሪኩን በሕይወት ሳለ ራሱ በአደባባይ የተናገረው ስለሆነ፣ የቴአትርና የፊልም ወዳጅ ማን እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም። ተውኔቶቹን፣ ቴአትር ቤቶቹንና ዓመታቱን ግን እንዳሉ አስቀምጫለሁ፤ ያለ እነሱ የጉዳዩ አካሄድ አይገባም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ዳራ

ተዋናዩ በ1931 ከለንደን በስተምሥራቅ፣ ኤሴክስ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። አባቱ የአእምሮ ሕመም ሐኪም ሲሆኑ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይመሩ ነበር። ልጁ በለንደን የንጉሣዊው የድራማ ጥበብ አካዳሚ ከተማረ በኋላ በ1954 የሼክስፒር የትውልድ ከተማ በሆነችው ስትራትፎርድ ወደሚገኘው ቴአትር ቤት ገባ። የጀመረው ከታች ነው፤ ጦር ይዞ ከዋናዎቹ ተዋንያን ጀርባ በመቆም።

በ1959 የንጉሥ ሊርን አጫዋች፣ ማለትም በቀልድ ለበስ ቃል እውነቱን የሚነግረውን «ሞኝ» ተጫወተ። ይህችን ሚና አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከ38 ዓመት በኋላ እዚያው ተውኔት ውስጥ ዘውዱን የሚደፋው ራሱ ነው። በ1961 ቴአትር ቤቱ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ የሚለውን ስም ሲይዝ ከቋሚ ተዋንያኑ አንዱ ነበር። በ1963 እና በ1964 የሼክስፒር የነገሥታት ታሪክ ተውኔቶች ተከታትለው ሲቀርቡ ሪቻርድ ሦስተኛንና ሄንሪ አምስተኛን ተጫውቷል። ቁመቱ አጭር ነው፤ አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ገደማ። የጦር መሪ ንጉሥ ሲባል ታዳሚው በዓይነ ሕሊናው የሚስለው ግዙፍ ሰው አልነበረም። ያንን ክፍተት የሚሞላው በድምፁ ጥራትና በዓይኑ ትኩረት ነበር።

በ1965 የእንግሊዛዊው ፀሐፌ ተውኔት የሃሮልድ ፒንተር «ዘ ሆምካሚንግ» በለንደኑ ኦልድዊች ቴአትር ሲቀርብ ሌኒ የተባለውን አንደበተ ስል ወጣት ወከለ። ተውኔቱ በ1967 ወደ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ተሻገረና ተዋናዩ በረዳት ተዋናይ ዘርፍ የቶኒ ሽልማት አገኘ። በፒንተር ተውኔት ውስጥ አንድ ቃል ብትዛነፍ ምቱ ይሰበራል፤ ዝምታውም እንኳ በጽሑፉ ላይ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ያንን ጽሑፍ ምሽት በምሽት፣ ቃል ሳይስት የተጫወተ ሰው የማስታወስ ችግር አለበት የሚል አይኖርም።

ከዚያ በኋላ ፊልምና ቴሌቪዥን እየበዛለት ሄደ። መድረኩን ግን አልተወም።

## የወደቀበት ሚና

በ1976 ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ የአሜሪካዊውን ፀሐፌ ተውኔት የዩጂን ኦኒልን «ዘ አይስማን ከሚዝ» በኦልድዊች ለማቅረብ ተነሣ። ተዋናዩ የተሰጠው ዋናው ሚና፣ ሂኪ የተባለው ተጓዥ ሻጭ ነበር። ተውኔቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል፤ የጉዳዩ ግማሽ ምስጢር ያለው የሚናው አሠራር ውስጥ ነውና።

ታሪኩ በ1912 በኒው ዮርክ አንድ ርካሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ይካሄዳል። ሕይወት የከዳቸው ሰካራሞች ተሰብስበው ሂኪን ይጠብቃሉ። በየዓመቱ ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት የልደት ቀን እየመጣ ይጋብዛቸዋል፤ ያስቃቸዋል። ታዳሚውም ከእነሱ ጋር ረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ሂኪ የሚገባው የመጀመሪያው ገቢር ሊያበቃ ሲል ነው። በዚህ ጊዜ ግን መጠጥ ትቶ፣ የሚያጽናናቸውን የውሸት ተስፋ እንዲጥሉ ሊያስተምራቸው ነው የመጣው። በመጨረሻው ገቢር ሚስቱን እንዴት እንደገደላት የሚናዘዝበት መነባንብ አለ። በአሜሪካ ተውኔቶች ውስጥ ከሚገኙት ረጃጅም መነባንቦች አንዱ ነው። ተውኔቱ በሙሉ ሲቀርብ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል።

በዚህ ሚና ላይ ሦስት ሸክሞች ተደራርበዋል። ገፀ ባሕርይው ከመግባቱ በፊት ሁሉም ስለ እሱ ስለሚያወራ፣ ተዋናዩ መድረክ ላይ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ እሱን ብቻ ይጠብቃል። ሂኪ ሻጭ ነው፤ መናገር እንጀራው ነው፤ ስለዚህ መንተባተብ ወይም ቆም ብሎ ማሰብ እንደ ገፀ ባሕርይው ባሕርይ ሆኖ ሊያልፍ አይችልም። ከሁሉም የከፋው ኑዛዜው ነው። መድረኩ በተዋንያን ተሞልቶ ሳለ ቃል የሚያቀብል የለም። ሌሎቹ ይቀመጣሉ፤ ይሰማሉ። በተራ ምልልስ ውስጥ ተዋናይ ቃል ቢጠፋበት የባልደረባው ጥያቄ ይመልሰዋል። በእንዲህ ያለ መነባንብ ግን ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር የሚያመጣው ከራሱ በፊት የተናገረው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ረጃጅም መነባንቦች በቃሉ ይዞ መድረክ ላይ የቆመ የአገራችን ተዋናይ ይህን ብቸኝነት በደንብ ያውቀዋል።

## የሆነው

አደጋው የደረሰው ከይፋዊው ምርቃት በፊት ታዳሚ በተገኘበት የሙከራ ትዕይንት ላይ ነው። ተዋናዩ ከጊዜ በኋላ እንደገለጸው፣ ነገሩ አንድ ቃል መርሳት አልነበረም። ትኩረቱ እንደከዳው አእምሮው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ለባልደረቦቹ መናገር ሲገባው ፊቱን ወደ ታዳሚው መልሶ፣ ከገፀ ባሕርይው ወጥቶ፣ በራሱ አንደበት ስላለበት ሁኔታ መናገር ጀመረ። ከዚያ ወጣ። በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ እንደ ፅንስ ተጠቅልሎ ተገኘ።

ሚናውን ሌላ ተዋናይ ተረከበ፤ ተውኔቱም ቀጠለ። እሱ ወደዚያ ሚና አልተመለሰም።

## ችግሩ ምን ነበር

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቃል መሳት ነው፤ ማንኛውም ተዋናይ ያውቀዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠፋል፣ ባልደረባው ያነሣዋል ወይም ቃል አስታዋሹ ከመጋረጃው ጀርባ ያቀብለዋል፣ ትዕይንቱ ይቀጥላል። ሁለተኛው መድረቅ ነው። በመድረቅ ጊዜ የጠፋው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሚፈልገውም አእምሮ ሥራ አቁሟል። ቃል ቢያቀብሉት እንኳ የሚይዝበት እጅ የለውም።

ተዋናይ ቃሉን የሚይዘው ወረቀት እንደሚሸመድድ ተማሪ አይደለም። በልምምድ ወቅት ቃሉ ከእርምጃው፣ ከሚያነሣው ብርጭቆ፣ ከባልደረባው ፊት ጋር ይታሠራል። ብርጭቆውን ሲያነሣ ቃሉ ይመጣል። ይህ የሚሠራው ትኩረቱ ውጭ፣ ማለትም በሰውየውና በሁኔታው ላይ እስካለ ድረስ ነው። «አሁን ብረሳውስ?» ብሎ ወደ ራሱ የተመለከተ ዕለት ግን ሳያስብ ይሠራው የነበረውን ሊቆጣጠረው ይሞክራል፤ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ከዚያ ሰውነት እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል። ለመሸሽ ወይም ለመታገል የተዘጋጀ ሰውነት ደግሞ ረጅም መነባንብ ከትዝታ ለማውጣት አይመችም።

ከዚያ ምሽት በኋላ የሚመጣው ነገር የባሰ ነው። ተዋናዩ ከእንግዲህ የሚፈራው ታዳሚውን ሳይሆን ያ መዘጋት ዳግመኛ መምጣቱን ነው። ይህ ፍርሃት በመለማመድ ብቻ አይጠፋም፤ ምክንያቱም በልምምድ ጊዜ ታዳሚ የለም።

## አንድ ማነጻጸሪያ

በስትራትፎርድ ተዋናዩ በወጣትነቱ አብሮት የሠራው ዝነኛው ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪዬ በራሱ ላይ የደረሰውን ተመሳሳይ ነገር በግለ ታሪኩ ጽፎታል። በ1964 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር ኃላፊ ሳለ፣ 57 ዓመት ገደማ ሆኖት፣ ድንገተኛ የመድረክ ፍርሃት ያዘውና አምስት ዓመት ያህል ቆየበት። ኦሊቪዬ ከመድረክ አልወረደም። ኦቴሎን ሲጫወት፣ መድረክ ላይ ብቻውን በሚቀርባቸው ክፍሎች፣ ኢያጎን የሚጫወተው ባልደረባው ከመጋረጃው ጥግ፣ ዓይኑ በሚያገኘው ቦታ እንዲቆምለት ለመነው። በ1970 በሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» ሻይሎክን ሲጫወት ደግሞ ባልደረቦቹን ዓይን ለዓይን እንዳይመለከቱት ጠየቀ።

የኦሊቪዬ መንገድ ጸንቶ መቆየት ነበር። የእኛ ተዋናይ መንገድ መራቅና ቀስ ብሎ መመለስ ነበር። አንዱ ጀግና ሌላው ፈሪ ነው ብሎ መፍረድ ሙያውን አለማወቅ ነው። ኦሊቪዬ ቴአትር ቤቱን የሚመራው ራሱ ስለነበር የሚፈልገውን ሁኔታ ማዘዝ ይችላል፤ መጋረጃው ጥግ የሚቆምለት ሰው ማግኘት ለእሱ ቀላል ነው። በሌላ አዘጋጅ ሥር ለሚሠራ ተዋናይ ግን እንዲህ ያለውን እርዳታ መጠየቅ ራሱ ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

## የመራቅ ዓመታት

ተዋናዩ ሙያውን አልተወም፤ መድረኩን ብቻ ተወ። ይህ ልዩነት የጉዳዩ እምብርት ይመስለኛል።

በ1978 በቢቢሲ ተከታታይ ድራማ የ«ፒተር ፓን» ደራሲ የሆነውን ጄምስ ባሪን ተጫወተ፤ በቴሌቪዥን ከሠራቸው ሁሉ ከምርጦቹ የሚቆጠር ሥራ ነው። በ1979 «ኤሊየን» በተሰኘው ፊልም የሰው መልክ ያለው ማሽን መሆኑ ዘግይቶ የሚታወቀውን የጠፈር መርከብ ሳይንቲስት ሆነ። በ1981 «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» ውስጥ የሯጭ አሠልጣኝ ሳም ሙሳቢኒን ወከለ። በዚህ ሥራው በካን ፌስቲቫል የረዳት ተዋናይ ሽልማትንና የባፍታ ሽልማትን አገኘ፤ ለኦስካርም ታጨ።

የዚያ ፊልም አንድ ትዕይንት ለጉዳያችን ቅርብ ነው። አሠልጣኙ ስታዲየም መግባት ስላልተፈቀደለት በፓሪስ በሆቴል ክፍሉ ብቻውን ይጠብቃል። ያሠለጠነው ሯጭ ማሸነፉን የሚያውቀው በመስኮት የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ነው። አልጋው ላይ ይቀመጥና የገለባ ባርኔጣውን በጡጫ ይበሳዋል። ቃል ማለት ይቻላል የለም። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ፊትና አንድ ጡጫ፤ ታላቅነቱ ሳይቀንስ ከታዳሚ ፊት የራቀ ተዋናይ ሥራ ነው።

ፊልም የቃል ሸክሙን በየቀኑ ጥቂት ገጽ ብቻ ያደርገዋል። ቢስት ይደገማል። የሚያየው የማያውቀው ሕዝብ ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ የካሜራ ቡድን ነው። በዚያው በ1981 ቢቢሲ በ26 ክፍል ባቀረበው «የቀለበቶቹ ጌታ» የሬዲዮ ድራማ ላይ ፍሮዶ ሆኖ ሠራ፤ በሬዲዮ ደግሞ ጽሑፉ እጁ ላይ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በፊልሙ ላይ አጎት ቢልቦን የተጫወተው ይኸው ሰው ነው። ዕቅድ አውጥቶ እንደ ሕክምና ያደረገው ነው አልልም። ነገር ግን ሥራዎቹን በተርታ ስናያቸው እያንዳንዱ ከዚያ ምሽት ሸክሞች አንዱን ያነሣለት ነበር።

## ያልሠራው

በ1979 አንድ ሙከራ ነበር። በሰሜን ለንደን በምትገኘው ትንሽ የሐምፕስቴድ ቴአትር በቼኾቭ «አጎቴ ቫንያ» ተጫወተ። ይሁን እንጂ ሙከራው ወደ መድረክ አልመለሰውም፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ረጅም የመራቅ ጊዜ ተከተለ። አዳራሹ ትንሽ መሆኑ ብቻውን እንዳልበቃ ከዚህ እንረዳለን።

መራቁም ዋጋ ነበረው። ከ40ዎቹ አጋማሽ እስከ 60ዎቹ መግቢያ ድረስ ያለው ዕድሜ ለአንድ የሼክስፒር ተዋናይ ትልልቆቹ ሚናዎች የሚመጡበት ነው። ማክቤዝ፣ አንቶኒ፣ ፕሮስፔሮ በዚህ ዕድሜ ይመጣሉ። በእነዚያ 17 ዓመታት እሱ ከዚያ ማዕድ አልተቀመጠም። እኔ በበኩሌ ይህን ኪሣራ አቅልዬ ማለፍ አልችልም። የፊልሞቹ ስኬት በዓይን ስለሚታይ ብዙ ሰው ያልተሠራውን አይቆጥርም።

## የተመለሰበት ምሽት

በ1993 ፒንተር «ሙንላይት» የተሰኘውን ተውኔት ጻፈ። ከ1978 ወዲህ የጻፈው የመጀመሪያው ሙሉ ተውኔት ነበር። የቀረበው በለንደን ኢዝሊንግተን ሰፈር በሚገኘው አልሜዳ ቴአትር ነው፤ ወንበሮቹ 325 ያህል ናቸው። ኦልድዊች ከሺህ በላይ ታዳሚ ይይዝ ነበር።

ተዋናዩ የወከለው አንዲ የተባለውን፣ ሞቱን የሚጠብቅ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አንዲ አልጋው ላይ ነው። ይሳደባል፣ ይቀልዳል፣ ልጆቹ ለምን እንዳልመጡ ይጠይቃል፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠልፋለች።

ይህን ሚና ከሂኪ ጎን ብናስቀምጠው ልዩነቱ ይገርማል። ሂኪ ቆሞ፣ እየተዘዋወረ፣ ሙሉ መድረክ ሕዝብን ይሰብካል፤ አንዲ ተኝቶ ለአንዲት ሴት ይናገራል። የሂኪ ተውኔት ከአራት ሰዓት በላይ ነው፤ «ሙንላይት» አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ሂኪ መነባንብ ነው፤ አንዲ በአብዛኛው ምልልስ ነው፤ ቃሉን የምታቀብለው ሚስቱ በክንድ ርቀት አለች። የፒንተርን ምት ደግሞ ከ1965 ጀምሮ በሥጋው ያውቀዋል። ፒንተር ራሱም ለዓመታት የሚያውቀው ሰው ነው። በዚህ ላይ የአንዲ ዝምታ እንደ ስሕተት አይታይም። የሚሞት ሰው ዝም ቢል ታዳሚው ይጠብቀዋል።

ወለሉ ጠንካራ ሆኖ ተሠራለት ማለት ይቻላል። ያ ወለል ሲገኝ ችሎታው እንዳለ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ተብሎ የኢቪኒንግ ስታንዳርድንና የተቺዎች ማኅበርን ሽልማት ወሰደ፤ ተውኔቱም የለንደን ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ወደሚገኙበት ዌስት ኤንድ ተዛወረ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1994፣ አሁንም የፒንተር በሆነው «ላንድስኬፕ» በብሔራዊ ቴአትር ኮተስሎ አዳራሽ ተጫወተ። ሁለት ሰዎች ብቻ ያሉበት አጭር ተውኔት ነው፤ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ አይደማመጡም። ከአልጋ ወደ ወንበር ማለት ነው።

## ንጉሥ ሊር

በ1997 የብሔራዊ ቴአትር ኃላፊ ሥራውን ሊለቅ ሲል ከመጨረሻ ሥራዎቹ አንዱ እንዲሆን «ንጉሥ ሊር»ን አዘጋጀ፤ ሊርን ለተዋናዩ ሰጠው። ተዋናዩ 65 ዓመቱ ነበር። ቦታው እንደገና ኮተስሎ ነበር፤ ከብሔራዊ ቴአትር ሦስት አዳራሾች ትንሹ። በሌሎቹ ሁለት አዳራሾች ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ትልቅ ተውኔት በትንሽ ቤት እንዲሠራ መወሰኑ ግን ለዚህ ሊር ቅርጽ ሰጠው።

በትልቅ አዳራሽ ሊር መጮህ አለበት። እዚህ ግን ታዳሚው የአባትየውን ቁጣ እንደ ቤተሰብ ጠብ፣ ከገበታው ጫፍ ሆኖ ይሰማዋል። በአውሎ ነፋሱ ትዕይንት ተዋናዩ ልብሱን በሙሉ አውልቆ ራቁቱን ቆመ። አጭር፣ ሽማግሌ፣ እርጥብ ገላ፤ ከንግሥና የቀረ ነገር የሌለው ሰው።

እንደሚመስለኝ ያ የፊልም ጊዜ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ትንሿን የፊት ለውጥ ስለሚይዝ ተዋናይን ማጋነን ያስተወዋል። 17 ዓመት በካሜራ ፊት የኖረ ሰው በጥቂት መቶ ወንበሮች መካከል ሲቆም ልኩን አግኝቷል። በ1960ዎቹ የነበረው ተዋናይ ተመልሶ አልመጣም፤ የመጣው ሌላ፣ የጠለቀ ተዋናይ ነበር። ትኬቱ ተሽጦ አለቀ፤ ተውኔቱ ለቴሌቪዥን ተቀረጸ፤ በ1998 የኦሊቪዬ ሽልማት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት የ«ሰር» ማዕረግ ተቀበለ።

በ2001 «ዘ ሆምካሚንግ» እንደገና ሲዘጋጅ በወጣትነቱ ሌኒን የተጫወተው ሰው አሁን የሌኒን አባት ማክስን ሆኖ ቀረበ። በ2020 በ88 ዓመቱ አረፈ።

## ከጉዳዩ የሚወሰድ

አብዛኛው አዘጋጅ እንዲህ የወደቀ ተዋናይ ሲያጋጥመው «ተመለስና ተጋፈጠው» ይላል። ይህ ምክር ከጥሩ ልብ የሚመነጭ ነው፤ ግን ሰውየውን ወደወደቀበት ቦታ፣ በወደቀበት ሸክም ይመልሰዋል። በዚህ ጉዳይ የሠራው ሁኔታውን መለወጥ ነው። ስለዚህ ከድፍረት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ሚናው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ? ቃል የሚያቀብል ባልደረባ ቅርብ አለ? ደራሲውን ያውቀዋል? ዝምታ ቢፈጠር ገፀ ባሕርይው ይሸከመዋል? ተውኔቱ ምን ያህል ይረዝማል? አዘጋጁ እነዚህን በአንድ ሻይ ላይ ከተዋናዩ ጋር ሊነጋገርባቸው ይችላል። የሐምፕስቴዱ ሙከራ እንደሚያሳየው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማሟላት በቂ ላይሆን ይችላል።

በልምምድ ላይ ደግሞ አንድ የምናጎድለው ነገር አለ። ተዋናዩ ቃሉን ሳይስት እንዲወጣ እናለማምደዋለን፤ ከሳተ በኋላ እንዴት እንደሚመለስ ግን አናለማምደውም። አዘጋጁ ድንገት ጽሑፉን እያስቆመ፣ መሀል እየዘለለ፣ ባልደረቦቹ ሰውየውን ከገፀ ባሕርያቸው ሳይወጡ እንዲያነሡት ቢያደርግ መጥፋት የታወቀ ነገር ይሆናል። ረጅም መነባንብ ባለበት ተውኔት በዙሪያው ያሉት ተዋንያን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሐውልቶች መሆን የለባቸውም። በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ማን ፊቱን እንደሚያዞር፣ ማን ብርጭቆ እንደሚያስቀምጥ ከተወሰነ ተናጋሪው የሚይዛቸው ምልክቶች ያገኛል። የኦሊቪዬ ኢያጎ መጋረጃው ጥግ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ያ ምሽት ራሱም ዝግጅት ይፈልጋል። ተዋናይ መድረክ ጥሎ ሲወጣ ሁሉም ሰው ትዕይንቱን ለማዳን ይሮጣል፤ ልክ ነው፤ ታዳሚ ተቀምጧል። ነገር ግን ከመድረክ ጀርባ ካሉት አንዱ፣ ሥራው ያ ብቻ የሆነ ሰው፣ ከተዋናዩ ጋር ወደ መልበሻ ክፍል መግባት አለበት። ይህ አስቀድሞ በስም ካልተመደበ በዚያ ሰዓት ማንም አያስበውም።

## የጉዳዩ ገደብ

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ያም ሰው ከመድረክ ሲርቅ ካሜራና ማይክሮፎን ይጠብቁት ነበር። እንጀራው አልተቋረጠም፤ ስሙም አልጠፋም። ከቴአትር ቤት ደመወዝ በቀር ገቢ የሌለው ተዋናይ 17 ዓመት ሊጠብቅ አይችልም፤ ሁለት ወር እንኳ ይከብደዋል። ለእንዲህ ያለው ተዋናይ የመመለሻውን ደረጃ መሥራት ያለበት ቴአትር ቤቱ ነው። ጽሑፍ በእጅ ተይዞ የሚቀርብ የተውኔት ንባብ፣ የሬዲዮ ድራማ ቀረጻ፣ የሁለት ሰው አጭር ተውኔት በትንሽ አዳራሽ፤ እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አብዛኞቹም በአገራችን አሉ። የሚጎድለው በተዋናዩ የሥራ መርሐ ግብር ላይ፣ ከወደቀበት ሳምንት ጀምሮ፣ በዚህ ቅደም ተከተል መጻፋቸው ነው።